ያልተሸከመ ቤት

ዶሃ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ፣ ለእትዬ ዙሌይካ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። አላህ ጤናሽን ከዕድሜሽ ጋር ያስተካክልልሽ፤ ቤትሽንና ደጅሽን በእዝነቱ ይጠብቅልሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሙቀቱ በረድ ብሏል፤ ሥራው ግን አልበረደም።

ይህን ደብዳቤ ለእረፍት ወደ ደሴ የሚገባው የሥራ ባልደረባዬ ባድሩ ያደርስልሻል። ስልክ እያለ ለምን ትጽፋለህ እንዳትዪኝ። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር «ሃሎ፣ ይሰማል?» ስንባባል ገንዘቡም ነገሩም ያልቃል። ደግሞ በስልክ የተባለውን ኋላ ሁሉም አላልኩም ይላል። አንቺም ጻፊልኝ፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመን የለየሽው ፊደል ዝገት እንዳይበላው።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ባጃጁን የገዛሁት ልጅሽ ሙዓዝ እንዲንሸራሸርበት አይደለም። በየቀኑ ውጫሌ ላይ ይሥራበት፤ ከገቢው ግማሹ ለቤታችሁ ይሁን፣ ግማሹ ለጎማና ለጥገና ይቀመጥ። ባጃጁ በሥራ ቀን ቆመ የሚል ወሬ መስማት አልፈልግም። የደም ግፊት ክኒንሽን በየወሩ እኔ እልክልሻለሁ፤ አንቺ ደረሰኙን ትልኪልኛለሽ። ካላመንኩሽ አይደለም። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ወጪ አይደለም፤ ሥራዬ ያስተማረኝ ይህን ነው።

የጤና መድኑን ካርድ ደግሞ ዘንድሮ እንዳታሳድሺ። የዓመት መዋጮ ከፍለሽ፣ ገና ሳይነጋ ተሰልፈሽ፣ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዢ» ለመባል ከሆነ ትርፉ ምንድን ነው? ያለ ወረፋ ወደሚያይሽ የግል ክሊኒክ ሂጂ። መድንሽ እኔ ነኝ።

ወንድምሽ ሐቢብ


አምባሰል፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሐቢብ፣

ወዐለይኩሙሰላም ወረሕመቱላህ። አላህ ከሰው አገር ክፉ ይሰውርህ፤ እጅህ አይንጠፍ። ደብዳቤህን ሳነብ ጎረቤቴ ራዚያ ገብታ «ከፍርድ ቤት ነው?» አለችኝ። «አይ፣ ከወንድሜ ነው፤ እሱ ሰላምታውንም በአንቀጽ ነው የሚጽፈው» አልኳት።

ባጃጁ ደህና ነው። ሙዓዝ ጠዋት ጠዋት ያጥበዋል፤ የራሱን ፊት እንኳ ያን ያህል አይታጠብም። ደረሰኙን ከዚህ ጋር አጥፌልሃለሁ። መድኑንም እንዳልከኝ ተውኩት። መዋጮ ሰብሳቢው በሬን ሲያልፍ «ዙሌይካ፣ ዘንድሮ አልታመምም አልሽ?» አለኝ። «ወንድሜ ከልክሎኛል» አልኩት። ሳቀና ሄደ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ገንዘብ አይደለም። ሙዓዝ ባጃጅ ከያዘ ወዲህ ሁለት የቅሬ ጥሪ አልፎታል፤ አንዱ የደሳለኝን ሚስት በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲያወርዷት፣ አንዱ ሰዓድ ሲቀበር። ከአገር ከወጣህ ብዙ ጊዜህ ነው እንጂ ታውቀዋለህ፤ እኛ ዘንድ መኪና አይወጣም። ሰው ሲታመም እስከ አስፋልቱ በትከሻ ነው። ቅሬው፣ እድራችን፣ ሲጠራ ከየቤቱ አንድ ወንድ ይወጣል፤ እስላም ክርስቲያን አይባልም። ከእኛ ቤት ያለው ወንድ ሙዓዝ ብቻ ነው።

የቅሬው ዳኛ ዋለ መጥቶ ደጅ ቆመ። ግባ ብለው አልገባም። «ቅጣታችሁን ልቀበል ነው» አለኝና ተቀብሎኝ ሄደ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ባጃጁ ያንተ ነው፤ ቃልህ ካልመጣ ልጁ አያቆመውም። ጥሪ ባለ ቀን እንዲያቆመው ጻፍለት። ሌላ አልጠይቅህም።

እህትህ ዙሌይካ


ዶሃ፣ የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ዙሌይካ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ የልብሽን መሻት በኸይር ይሙላልሽ።

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በሆድ ሳይሆን በሒሳብ እንየው። ሙዓዝ አንድ ቀን ቢቆም የሚያጣው ገቢ ከቅሬው ቅጣት አሥር እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ርካሹ ቅጣቱ ነው። ርካሹን ክፈሉ። ነገር ግን ቅጣቱ ከባጃጁ ገቢ እንዳይነካ፤ ከቤት ወጪ ክፈሉት። የባጃጁ ሒሳብ ንጹሕ ሆኖ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ።

«ብታመምስ?» እንዳትዪኝ። እስከ አስፋልቱ በቅሎ ተከራዩ፣ እኔ እከፍላለሁ። ከአስፋልቱ ወዲያ የራስሽ ባጃጅ አለሽ። እዚህ ሰው ሲታመም ይደወላል፣ አምቡላንስ ይመጣል፤ አንድም ጎረቤት ሥራ አይፈታም። እኛ አገር ግን የመንገድ እጦትን ባህል የሚል ስም አውጥተንለት፣ ሃያ ጎልማሳ አንድ በሽተኛ ተሸክሞ ሲውል እንኮራለን። ተምሬ የወጣሁት ይህንን ለማስቀጠል አይደለም። ዋለም ደጅ ቆሞ ፊቱን ከሚያጠቁርብሽ ቀበሌ ሄዶ ስለ መንገዱ ቢጮኽ ይሻለው ነበር።

የታኅሣሥ ደረሰኝ ላይ ቀኑ አይነበብም። ሁለተኛ እንዲህ ያለ እንዳትቀበዪ።

ወንድምሽ ሐቢብ


አምባሰል፣ ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሐቢብ፣

ሰላምህ ይብዛ፤ ያሰብከውን አላህ ያግራልህ። መልሴ የዘገየው የሚያደርስልኝ ሰው አጥቼ ነው።

እንዳልከው እየከፈልን ነው። ቅጣቱ በቀሩ ቁጥር ከፍ ይላል፤ ቢሆንም እየከፈልን ነው። ለሙዓዝም ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል። ማታ ሲገባ ግን በላይኛው መንገድ ዞሮ ነው የሚመጣው፣ ሰው እንዳያገኘው።

ደግሞ ደስ የሚል ነገር ልንገርህ። ሐኪሙ ግፊትሽ ወርዷል ብሎ ክኒኑን በግማሽ ቀነሰልኝ። ደረሰኙ ያነሰው ለዚህ ነው፤ አትደንግጥ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጥሪ ነበር። ቃሬዛውን ይዘው በቤቴ ሥር አለፉ። ድሮ የሚጠጡት ውሃ ይዤ እወጣላቸው ነበር። አሁን በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ እወጣለሁ? አንዱ «የባለባጃጇ ቤት» ሲል ሰማሁት። በክፋት አላለውም፤ አቅጣጫ ሲናገር ነው።

ጉልበቴ ያመኛል፣ ያ የእርጅና ነው። አንተ የሕንፃ ዋጋ ስትተምን ነው የኖርከው፤ እስቲ የእኔን ጉልበት በካሬ ሜትር ተምነህ ስንት እንደሚያወጣ ጻፍልኝ። ገዢ ካለ እሸጠዋለሁ።

እህትህ ዙሌይካ


ዶሃ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ዙሌይካ፣

አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። ዘንድሮ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ደብዳቤ አልደረሰኝም። በትክክል የወጣ ገንዘብ እንዲህ ነው ውጤት የሚያሳየው። በመድን ካርድ ስትሰለፊ ብትኖሪ ይህን ታዪው ነበር?

መጠኑ በግማሽ ስለወረደ ከመስከረም ጀምሮ የክኒኑን ገንዘብ በግማሽ እልካለሁ። የቀረውን አላስቀርብሽም። እዚህ በስምሽ ከማጠራቅመው ላይ እጨምረዋለሁ፤ ለሐጅሽ። አላህ ካለ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ መካን ትረግጫለሽ። እስከዚያ ልነግርሽ አልፈለግሁም ነበር፤ ግን ከደስታ ብዛት ብዕሬ ቀደመኝ።

የጉልበትሽን ዋጋ ጠይቀሻል። አሮጌ ግንብ ነው፤ አይሸጥም፣ ይታደሳል።

ወንድምሽ ሐቢብ


አምባሰል፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሐቢብ፣

አላህ እንዳሰብክልኝ ያስብልህ። ስለ ሐጁ ያልከውን ሳነብ አለቀስኩ። ለራዚያ ብነግራት «እኔንም በሻንጣሽ ክተቺኝ» አለች። ሰሞኑን ሻሼን አጥብቄ አስሬ ስለምውል ደግሞ «እንዲህ ታጥቀሽ፣ ሙሽራ ሆንሽ እንዴ?» ትለኛለች። ሲጠብቅ ይሻለኛል።

የዚህን ወርና ያለፈውን ደረሰኝ አላገኘሁትም፤ ፈልጌ እልክልሃለሁ።

ልጁን ለጥሪ ፍቀድለት ማለቱን ትቻለሁ። አሁን የምጠይቅህ አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ለዋለ ደብዳቤ ጻፍለት። «ልጁን የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አይደለችም» በለው። ይህቺን ብቻ። ሰው ሁሉ ገንዘብ ስታገኝ ናቀችን ይላል። ሌላው ሌላው ይቻላል፤ ይህ ግን ለቅሶ ቤት አላስቀምጥ አለኝ።

እህትህ ዙሌይካ


ዶሃ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቅሬው ዳኛ ለአቶ ዋለ፣

ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እህቴ ወድቃ አንድ ጎኗ እንደማይታዘዝ፣ ምላሷም እንደተያዘ ሙዓዝ ከደሴ ደውሎ ነገረኝ። ሳትታከም አንድ ቀን ሙሉ ቤት ውስጥ ተኝታ እንደነበረም ነገረኝ።

እርስዎን የምጠይቀው ግልጽ ጥያቄ ነው። ቤቱ ቅጣቱን አንድም ጊዜ ሳያጓድል ከፍሏል። የከፈለ ቤት መብት የለውም? ሰው ወድቆ እያለ ቅሬው ለምን ዘገየ? የተሸከሙት ብቻ የሚነሱበት ደንብ ካላችሁ ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ ማየት እፈልጋለሁ።

በባድሩ እጅ ገንዘብ ልኬአለሁ። የሚመጣውን የአምስት ዓመት ቅጣት ቀድሜ ከፍያለሁ ማለት ነው። ከእንግዲህ እህቴን ማንም እንዳያስጠብቃት።

ሐቢብ


አምባሰል፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ሐቢብ፣

ጤና ይስጥልኝ። እናንተ በረመዳን፣ እኛ በሁዳዴ ላይ ነን፤ የሁላችንንም ጾም አንድዬ ይቀበለን። ደብዳቤህን ያነበበልኝ ሙዓዝ ነው፤ ይህንንም እኔ እየተናገርኩ እሱ ነው የሚጽፈው። አንዳንዱን «ይህን አልጽፍም» ብሎኛል። ጻፍ አልኩት።

ለምን ዘገያችሁ ብለሃል። አልተጠራንም።

ያን ሰሞን መንገድ ተዘግቶ ባጃጅ አይንቀሳቀስም ነበር። ሙዓዝ ከውጫሌ በእግሩ ሲመጣ እናቱን ጎተራው ሥር ወድቃ አገኛት። አፏ ወደ ጎን ሄዷል፤ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏል። አንተ እንዳልከው በቅሎ አመጣ። ግማሽ አካሉ የከዳው ሰው በቅሎ ላይ አይቀመጥም። ቅሬ ልጥራ ሲላት በግራ እጇ ጋቢውን ጨምድዳ ያዘችው፤ ራሷን ነቀነቀች። ያልተሸከመ ቤት ተሸከሙኝ አይልም ማለቷ እንደሆነ ገብቶታል። ልጁም የእናቱን ቃል አከበረ። በማግስቱ ጠዋት ራዚያ ወንፊት ልትዋስ ስትገባ አየቻትና እየጮኸች ወጣች። የሰማነው ያኔ ነው።

ስንገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እናቴ ስትቀበር ለቆፋሪ ውሃ ስታመላልስ የዋለች ሴት ናት። «ዙሌይካ፣ ምን አድርገንሽ ነው?» አልኳት።

ልጁን ከቃሬዛው ፊት አስገባነው። አልለመደም፤ ቁልቁለቱ ላይ እየፈጠነ አስቸገረን። ደሳለኝ ከኋላው ሆኖ «ፍሬን ያዝ እንጂ ሙዓዝ፣ ባጃጅ አይደለችም፤ እናትህ ናት» አለው። ሰው ሳቀ። ዙሌይካም ከንፈሯ በአንድ በኩል ፈገግ ያለ መሰለኝ። ሕመሙ ይሆናል፤ አላውቅም።

እስከ ውጫሌው ሐኪም ቤት በትከሻ ነው የወሰድናት። የመድን ካርድ ጠየቁን፤ የለም። ክኒን ምን ያህል ነው የምትወስደው አሉ። ሙዓዝ «ሐኪም በግማሽ ቀንሶላታል» ሲል ራዚያ ተቆጣች። «የቱ ሐኪም? ራሷ ናት የቀነሰችው። መጀመሪያ ቀን እየዘለለች ነበር። ከመስከረም ወዲህ ራሷን ሲያማት ብቻ ነው የምትውጠው። የቅሬ ቅጣት ከየት የሚመጣ መስሏችሁ ነበር?» አለች። ሐኪሙ «ትናንት ብታመጧት ይሻል ነበር» አለን።

እኔም የማፍርበት አለኝ። ቅጣት ለሰነፍ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ከፍሎ ለመቅረት አይደለም። ይህን ቤቷ ገብቼ መናገር ሲገባኝ ደጅ ቆሜ ገንዘቡን ተቀብዬ ስመለስ ከረምኩ። በሰዓቱ ሲመጣ ዝም አልን። በተጠራቀመው ለቃሬዛው አዲስ ሸራ ገዛንበት። እሷን ያወረድናት በዚያ ሸራ ነው።

መንገዱ ተከፍቶ ደሴ ስትገባ ሙዓዝ ለአልጋውና ለጭንቅላት ምርመራው ባጃጁን ሸጧል። ያን ጊዜ ኔትወርክ ጠፍቶ አንተን የሚጠይቅበት ስልክ አልነበረም፤ የደወለልህ ኋላ ሲመለስ ነው። አሁን ጥሪ አይቀርም። መድኗንም የማሳደሻው ጊዜ ሳያልፍ ቅሬው አዋጥቶ አሳድሶላታል።

የላክኸውን ብር ለባድሩ መልሰንለታል። ተቆጥተን አይደለም። ተሰብስበን «ይህ ምን ተብሎ ይመዝገብ?» ሲባል የሚመልስ ጠፋ። አንተም የዚያ ቤት ወንድ ነህ፤ ስትመጣ ከቃሬዛው ሥር ቦታ አለህ።

ዋለ


ዶሃ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ፣ ለእትዬ ዙሌይካ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። አላህ የወሰደብሽን በተሻለ ይተካልሽ። ሙዓዝ ይህን ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

የዋለ ደብዳቤ ሲደርሰኝ በሁሉም ተናደድኩ። በዋለ፣ በሙዓዝ፣ እያወቀች ዝም ባለችው በራዚያ፤ ባንቺም፣ ዋሸሽኝ ብዬ። ከዚያ ደረሰኞችሽን አውጥቼ ሒሳቤን ደግሜ ሠራሁት። የባጃጁን ገቢ፣ ቅጣቱን፣ የመድኑን መዋጮ፣ የክኒኑን ዋጋ። ስህተት ፈለግሁ። አላገኘሁም። መደመሩም መቀነሱም ልክ ነው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ስህተት ባገኝ አርመው ነበር።

አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። ለመደበቅም ብዬ አልነበረም፤ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። እኔም የግፊት ክኒን ከጀመርኩ ስምንት ዓመቴ ነው። አንድም ሐኪም ቀንሶልኝ አያውቅም። የሚቀነስ እንዳልሆነ ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ። ያንቺ ተቀነሰ ስትዪኝ ግን የደስታ ደብዳቤ ጻፍኩልሽ፤ ቁጥሩ ጥሩ ነበራ። የእኔን ክኒን መሥሪያ ቤቱ ነው የሚከፍልልኝ። ትናንት ፋርማሲ ገብቼ ዋጋውን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅሁ። ሻጩ «ምነው፣ አላስከፈልንህም እኮ» አለኝ።

ያቺን ለዋለ ጻፍልኝ ያልሽኝን ደብዳቤ ችላ አልኳት። ትንሽ መስላኝ ነበር። ለዋለ መጀመሪያ የጻፍኩለት አንቺ ከወደቅሽ በኋላ ነው፤ ያውም ልወቅሰው። ዛሬ ያንቺኑ ጽፌ ከዚህ ጋር አሽጌዋለሁ። «ልጁን የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አይደለችም» ይላል። ሌላ አልጨመርኩበትም። ቅሬው ሲሰበሰብ ሙዓዝ ጮክ ብሎ ያንብበው፤ አንቺንም እዚያው ያስቀምጡሽና ስሚው።

የሐጅሽ ገንዘብ ለሕክምናሽ ተልኳል። ባጃጁን በመሸጡ ሙዓዝን አልተቆጣሁትም። ራሱ እያነበበ ስለሆነ ይስማው፤ ደህና አድርገሃል።

በሐምሌ እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ፈቃድ ከለከሉኝ። ትከሻዬ ከላፕቶፕ ቦርሳ በቀር ምንም አንግቶ አያውቅም፤ ደሳለኝ ቁልቁለቱ ላይ ምን እንደሚለኝ ከአሁኑ ይሰማኛል። ይበል።

አንቺ አፍሽ ቢፈታልሽ ለዚህ ደብዳቤ የምትመልሺልኝን አውቀው ይመስለኝ ነበር። ልጽፈው ሞከርኩ፤ የሚያስቅ ነገር ነበር መሆን ያለበት። አልመጣልኝም። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ደብዳቤሽን የምጠብቀው ለደረሰኙ አልነበረም።

ክኒኑን በየቀኑ ዋጪ። ደረሰኝ አትላኪልኝ።

ወንድምሽ ሐቢብ